የግቢ መዋኛ ገንዳ ውሃ ሲበዛ እንዴት ይቀነሳል?

በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ገንዳ ያለው ቤት የገዛ ሰው፣ ሁለት ቀን ሳያባራ የጣለ የበጋ ዝናብ ገንዳውን እስከ ከንፈሩ ሞልቶት ሲያገኘው፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ከሥር የሚነቀል ውታፍ ነው። የቤት መዋኛ ገንዳ ግን እንደ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውታፍ የለውም። ወለሉ ላይ የሚታየው ባለ ወንፊት ክዳን ውሃውን የሚወስደው ወደ ፍሳሽ መስመር ሳይሆን ወደ ፓምፑ ነው፤ ፓምፑም በማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ወደዚያው ወደ ገንዳው ይልከዋል። ስለዚህ ውሃ ለመቀነስ፣ ወይ ይህን ዑደት አንድ ቦታ ላይ ከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ማዞር፣ ወይም ዑደቱን ሳይነካኩ በሌላ ፓምፕ ወይም በጎማ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሥራው ራሱ አይከብድም። ገንዳ የሚጎዳው፣ ፓምፕ የሚያቃጥለውና ከጎረቤት የሚያጣላው፣ ውሃው የት ላይ እንደሚቆምና ወዴት እንደሚሄድ ሳይወሰን ቫልቭ መክፈት ነው። በዚህ ምክንያት የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ፣ አንድም ጠብታ ውሃ ከመውጣቱ በፊት ስለሚደረገው ነገር ይናገራል። የተጻፈውም መሬት ውስጥ ለተቀበረ፣ ፓምፕና ማጣሪያ ላለው ገንዳ ነው።

ትክክለኛው ከፍታ የት ነው?

በገንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ስኪመር የሚባል አራት ማዕዘን አፍ አለ። ቅጠል፣ ነፍሳትና ተንሳፋፊ ቆሻሻ ተስቦ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ውሃው የስኪመሩን አፍ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትክክለኛ ከፍታው ላይ ነው ይባላል። ውሃው አፉን ሙሉ በሙሉ ከዋጠው በውስጡ ያለችው ተወዛዋዥ መዝጊያ ሥራዋን ታቆማለች፤ ቆሻሻውም ሳይሳብ ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ይከርማል። ከአፉ በታች ከወረደ ደግሞ ፓምፑ ከውሃ ጋር አየር መሳብ ይጀምራል።

ውሃው ከግማሹ በሁለት ወይም በሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ከበለጠ ምንም ባይደረግ ይሻላል፤ በጁላይና በኦገስት ሙቀት ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያንን ያህሉን ይወስዱታል። መቀነስ የግድ የሚሆነው ዝናብ ገንዳውን እስከ ጠርዙ ሲሞላው፣ ከውሃው መስመር በታች ያለ ሴራሚክ ሲጠገን፣ ገንዳው ለቅዝቃዜው ወራት ሲዘጋ፣ ወይም ውሃው አርጅቶ በኬሚካል የማይስተካከል ሲሆን ነው። ለእያንዳንዱ የሚወጣው መጠን ይለያያል።

ስንት ሊትር እንደሚወጣ ማስላት

የገንዳውን ርዝመትና ስፋት በሜትር አባዝተው የተገኘውን በ10 ቢያበዙት፣ አንድ ሳንቲሜትር ዝቅ ለማድረግ የሚወጣውን ውሃ በሊትር ያገኛሉ። ለምሳሌ 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ገንዳ የላዩ ስፋት 50 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በየአንዳንዱ ሳንቲሜትር 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ይወጣል። 15 ሳንቲሜትር ለመቀነስ 7,500 ሊትር፣ ወይም 375 ጀሪካን ማውጣት ነው። በፊትና በኢንች ለሚለካ ሰው፣ 16 በ32 ፊት የሆነ ገንዳ በአንድ ኢንች 320 ጋሎን ያህል ይይዛል። በባልዲ እቀንሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢያየው ወገቡን ያተርፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደግን ሰዎች 375 ጀሪካን ማፍሰስ ልብ የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ፣ ከታች እንደሚታየው በተቻለ መጠን ለሣሩና ለዛፉ ማዋል ተገቢ ነው።

ውሃው የሚቀነሰው ለኬሚካሉ ሲባል ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። በጽላት መልክ የሚሸጠው ክሎሪን አብዛኛውን ጊዜ ሳያኑሪክ አሲድ የሚባል ማረጋጊያ ይዟል፤ ማረጋጊያው ክሎሪኑን ከፀሐይ ስለሚከላከል በልኩ ሲሆን ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ውሃው ሲተን እሱ አብሮ አይተንም፤ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ሄዶ ክሎሪኑን ያደክመዋል። በተለምዶ የሚፈለገው መጠን በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ዋነኛው መድኃኒት የውሃውን ከፊል አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። መጠኑ 90 ከሆነ የውሃውን አንድ ሦስተኛ አውጥቶ መተካት ወደ 60 ያወርደዋል፤ አዲሱና አሮጌው በደንብ ከተዋሃዱ በኋላ እንደገና አንድ ሦስተኛውን መተካት ወደ 40 ያደርሰዋል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ አውጥቶ ከመጨረስ ይልቅ ይህ አሠራር ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ይፈጃል፤ ገንዳውን ግን ቀጥሎ ከሚነገረው አደጋ ይጠብቀዋል።

ዝቅ የማይባልበት ወሰን

ባዶ ጀሪካን ውሃ ውስጥ ገፍቶ ለማጥለቅ የሞከረ ሰው ጀሪካኑ እንዴት ተመልሶ እንደሚዘል ያውቃል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳም ዙሪያው ያለው አፈር ውሃ ሲጠግብ እንደዚያው ነው። ገንዳውን ወደ ታች ተጭኖ የሚይዘው በውስጡ ያለው የውሃ ክብደት ስለሆነ፣ ያ ክብደት ሲነሳ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ገንዳውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የፋይበርግላስ ገንዳ ቀላል በመሆኑ ከቦታው ሊነሳ ወይም ግድግዳው ሊቆለመም ይችላል፤ የኮንክሪቱ ሊሰነጠቅ፣ አንዳንዴም ከመሬት ብቅ ሊል ይችላል፤ በቪኒል ሽፋን የተለበጠው ደግሞ ሽፋኑ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ይሸበሸባል፣ ያረጀም ከሆነ ውሃ ሲመለስበት ይቀደዳል።

አደጋው የሚያይለው ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው፤ ውሃ ለመቀነስ የሚታሰበውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ትርፉን ብቻ አውጥቶ ወደ ስኪመሩ ግማሽ መመለስ ችግር የለውም፤ ከዚያ በላይ ለጥገና ወይም ለውሃ ቅያሬ ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ ግን አፈሩ እስኪጠነፍፍ ድረስ ደረቅ ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። በቪኒል የተለበጠ ገንዳ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው በኩል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ውሃ ሳይቀርበት ዝቅ አይደረግም። ገንዳን እስከ ወለሉ ማድረቅ ግን፣ ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ የባለሙያ ሥራ እንጂ የባለቤቱ የቅዳሜ ሥራ አይደለም። አንዳንድ ገንዳዎች ወለላቸው ላይ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ውስጥ በማስገባት ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አላቸው፤ መኖሩንና መሥራቱን ሳያረጋግጡ በእሱ መተማመን አይገባም።

ውሃው ወዴት ይሂድ?

በአሜሪካ በአብዛኛው ሰፈር ከመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ከቤት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኝም። ከሽንት ቤትና ከማዕድ ቤት የሚወጣው ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ሲሄድ፣ በጎርፍ መውረጃው የገባው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ጅረት ይወርዳል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ ስሊጎ ክሪክ አጠገብ ከመንገድ ዳር የፈሰሰ የገንዳ ውሃ ወደ ስሊጎ ክሪክ፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ፖቶማክ፣ በመጨረሻም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። ለዋናተኛ ምንም የማያደርገው የክሎሪን መጠን ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ገዳይ ነው። ስለዚህ ካውንቲዎች የገንዳ ውሃ አወጋገድ ደንብ አላቸው፤ ደንቡ ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ፣ እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲና እንደ ዋሽንግተን ከተማ 311 ባለበት አካባቢ በዚያ ቁጥር ደውሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ክሎሪኑን ከውሃው ለማስወገድ፣ ውሃው ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ክሎሪን መጨመር ያቁሙ፤ ጽላት የሚቀመጥበትን ተንሳፋፊ ዕቃ ያውጡ፤ ገንዳውንም ሳይሸፈን ለፀሐይ ይተዉት። ፀሐይ ክሎሪንን ትሰብረዋለች፤ ማረጋጊያው የበዛበት ገንዳ ግን ከሌላው የበለጠ ቀናት ይፈልጋል። ቀናቱን ከመቁጠር ይልቅ በመመርመሪያ ወረቀት ወይም በጠብታ መመርመሪያ መለካት ይሻላል፤ ክሎሪኑ የማይታይበት፣ ፒኤቹም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ወደ 7 የተጠጋ ሲሆን ውሃው ለመውጣት ዝግጁ ነው። ለሚቸኩል ሰው በገንዳ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ሲጨመር ክሎሪኑን ወዲያው ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚመረጠው መድረሻ የራስዎ ሣር ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ እንዲሰርግ የጎማውን ጫፍ በየጊዜው ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩ፤ ከቤቱ መሠረት ያርቁት፤ የመሬቱ ተዳፋት ወደ ጎረቤት ግቢ የሚወስድ ከሆነም ሌላ አቅጣጫ ይፈልጉ። ሴፕቲክ ታንክ (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የተቀበረ ጋን) ያለበት ቤት ከሆነ ውሃውን ወደ ታንኩም ሆነ ፍሳሹ ወደሚሰርግበት መሬት ማፍሰስ አይገባም። የጨው ገንዳ፣ ማለትም ክሎሪኑን ከጨው በመሣሪያ የሚያመርት ገንዳ፣ ያለው ሰው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 3 ግራም ያህል ጨው ስለሚገኝ፣ ከላይ ካሰላነው 7,500 ሊትር ጋር ከ22 ኪሎ በላይ ጨው ይወጣል። ጨው በፀሐይ አይጠፋም፤ ሣርንም ያቃጥላል። እንዲህ ያለው ውሃ፣ ካውንቲው ከፈቀደ፣ ወደ ቤት ፍሳሽ መስመር ቢሄድ ይሻላል።

ቫልቭ ከመነካቱ በፊት

መጀመሪያ ውሃው የሚቆምበትን ከፍታ ውሃ በማያላቅቀው ፕላስተር ሴራሚኩ ላይ ወይም ከስኪመሩ አጠገብ ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ ገንዳው ውሃ ሲጎድል በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ካለው የእሱን ቧንቧ ይዝጉ። ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ ባለቤቱ በአንድ በኩል ሲያወጣ ቧንቧው በሌላ በኩል ይሞላል፤ ለሁለቱም ውሃዎች የሚከፍለው ግን አንዱ ባለቤት ነው። የውሃ ማሞቂያው ይጥፋ፤ የጨው ገንዳ ከሆነም ክሎሪን የሚያመርተው መሣሪያ ይጥፋ። በመጨረሻም ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ልጆችም ሆኑ አዋቂዎች ወደ ውሃው እንዳይገቡ በግልጽ ይንገሩ፤ ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

በማጣሪያው ቫልቭ ማውጣት

ማጣሪያዎ የአሸዋ ከሆነ አናቱ ወይም ጎኑ ላይ ብዙ አቅጣጫ ያለው፣ ማልቲፖርት የሚባል ባለ እጀታ ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። በዙሪያው ከተጻፉት ቃላት መካከል ‹ዌስት› የሚለው ውሃውን በማጣሪያው ሳያሳልፍ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልከው ነው። ‹ባክዋሽ› የሚለውም ወደ ውጭ ይልካል፤ ነገር ግን ዋና ሥራው አሸዋውን ወደ ኋላ ማጠብ ስለሆነ ከእሱ ጋር እንዳይምታታ።

ፓምፑን ከማብሪያ ማጥፊያው ያጥፉ፤ በታይመር የሚሠራ ከሆነም በመሃል በራሱ እንዳይነሳ ታይመሩን አብረው ያቁሙ። እጀታው ፓምፑ እየሠራ በፍጹም አይዞርም። በቫልቩ ውስጥ አቅጣጫዎቹን የሚለያይ፣ የሸረሪት ድር የሚመስል የጎማ ማኅተም አለ፤ በግፊት ላይ እያለ እጀታው ከዞረ ማኅተሙ ይቀደዳል ወይም ከቦታው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሳይፈለግ በውጪው ቱቦ ሲንጠባጠብ ይኖራል። ወደ ውጭ የሚያወጣውን ሰፊ ጎማ ሳይጠማዘዝ ዘርግተው ጫፉን ግፊቱ እንዳያንቀሳቅሰው በከባድ ነገር ያስይዙ። እጀታውን ወደ ታች ተጭነው ወደ ‹ዌስት› ያዙሩና በማረፊያው ውስጥ በትክክል መግባቱን ይመልከቱ።

ምልክትዎ ከስኪመሩ አፍ ግርጌ በላይ፣ ለምሳሌ ግማሹ ላይ፣ ከሆነ ሌላ የሚነካ ነገር የለም። ምልክቱ ከስኪመሩ በታች ከሆነ ግን ውሃው አፉን ከመልቀቁ በፊት የስኪመሩን ቫልቭ ዘግተው የወለሉን ክዳን መስመር ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ይህ ካልተደረገ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውሃ አልባ ሆኖ ሲሽከረከር ደግሞ ይግላል፤ ማኅተሙም ይበላሻል። የወለል መስመር የሌለው ገንዳ በዚህ ዘዴ ከስኪመሩ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ከታች ካሉት ሁለት ዘዴዎች አንዱን መጠቀም ይኖርበታል።

ወደ ውሃው ማንም እንዳይገባ የተባለው እዚህ ላይ ነው። ስኪመሩ ሲዘጋ የፓምፑ ሙሉ የመሳብ ኃይል ወለሉ ላይ ባለው ክዳን ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግሬም ቤከር የተባለች የ7 ዓመት ልጅ እዚሁ በቨርጂኒያ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ በእንዲህ ዓይነቱ መሳቢያ ተይዛ ሕይወቷ አልፏል፤ በስሟ የተጠራው የፌዴራል ሕግም በ2007 ጸድቆ በአሜሪካ የሚሸጡ የመሳቢያ ክዳኖች ሁሉ ሰውን የማይይዙ እንዲሆኑ አስገድዷል። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የሚኖር ሰው ክዳኑ የተቀየረ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም የተነቀለ ከሆነ ይህን ዘዴ ትቶ ገንዳውን እስኪጠገን ድረስ ከዋናተኛ መዝጋት ግዴታው ነው።

አሁን ፓምፑን ያብሩ። ውሃው በፍጥነት ስለሚወርድ ከቦታው አይለዩ፤ ቡና አፍልቶ ለመመለስ እንኳ የሚሆን ጊዜ ላይኖር ይችላል። ውሃው ምልክቱ ላይ ሊደርስ አንድ ሳንቲሜትር ሲቀረው ፓምፑን ያጥፉ፤ እጀታውን ወደ ‹ፊልተር› ይመልሱ፤ የስኪመሩን ቫልቭ ይክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መልሰው ያብሩ። ምልክቱ ከስኪመሩ በታች ከሆነ ግን የስኪመሩ ቫልቭ እንደተዘጋ ይቆያል።

ካርትሪጅ ማጣሪያ፣ ማለትም በአሸዋ ፋንታ ተነቅሎ የሚታጠብ ማጣሪያ፣ ያላቸው ገንዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቫልቭ የላቸውም። አንዳንዶቹ ከፓምፑ በኋላ ባለው ቱቦ ላይ የአትክልት ጎማ የሚታሰርበት ትንሽ ቧንቧ ይኖራቸዋል፤ ከሌላቸው ወደ ቀጣዩ ዘዴ መሄድ ነው።

ውሃ ውስጥ በሚሰጥም ፓምፕ ማውጣት

ይህ ለማንኛውም ዓይነት ገንዳ ይሠራል፤ ፓምፑም የጎርፍ ውሃ የገባበትን የቤት ምድር ቤት ለማድረቅ የሚያገለግለው ነው። ኤሌክትሪኩ የሚወሰደው ‹ቴስት› እና ‹ሪሴት› የሚሉ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ካሉት፣ ጂኤፍሲአይ ከሚባለው ሶኬት ብቻ ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ‹ቴስት› የሚለውን ተጭነው ኤሌክትሪኩ መቋረጡን ይመልከቱ፤ ካልተቋረጠ ሶኬቱን አይጠቀሙበት። የገመዱና የማራዘሚያው መገናኛ በገንዳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ውሃ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ፓምፑን በኤሌክትሪክ ገመዱ ይዘው አያውርዱት፤ እጀታው ላይ በታሰረ ሲባጎ ያውርዱትና ጥልቀት ባለው በኩል፣ ከተጠራቀመ አፈርና ቅጠል ራቅ አድርገው ያሳርፉት። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ውሃውን ከፍ አድርጎ ሳያወጣና በረጅም ጎማ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው፤ በቀጭን የአትክልት ጎማ ሲሆን ከዚያ ያንሳል። እውነተኛውን ለማወቅ የጎማውን ጫፍ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አድርገው እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ። በ12 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 6,000 ሊትር ነው፤ የምሳሌያችን 7,500 ሊትርም በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የጎማው መውጫ ጫፍ ከገንዳው ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ውሃው በራሱ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል። አጥፍቻለሁ ብሎ ወደ ቤት መግባት አይበቃም፤ ሶኬቱን ነቅለው ፓምፑን ከውሃው ማውጣት ያስፈልጋል።

በጎማ ብቻ ማውጣት

በሀገር ቤት ሾፌሮች ናፍጣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን በጎማ ሲስቡ ያየ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ በአፍ አለመሳቡ ነው፤ የገንዳ ውሃ አይጠጣም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ የማይጠይቅና ጸጥ ያለ በመሆኑ ጊዜ ላለው ሰው እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። የሚሠራው ግን ግቢው ተዳፋት ሆኖ የጎማው መውጫ ከገንዳው ውሃ ከፍታ በታች ሊሆን ሲችል ብቻ ነው፤ በሜዳ ላይ በተሠራ ገንዳ አይሞከርም።

የአትክልት ጎማውን አንዱን ጫፍ ከቤቱ ቧንቧ ጋር እንደተገጠመ ሌላውን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ይክተቱ፤ ቧንቧውን ከፍተው አየሩ ሁሉ በአረፋ መልክ ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ቧንቧውን ይዝጉ፤ ጎማውን ከቧንቧው አጠገብ አጥፈው በእጅዎ ጨብጠው ይፍቱት፤ የታጠፈውን ጫፍ ወደ ተዳፋቱ ወስደው መሬት ላይ ሲያኖሩት ይልቀቁት። ውሃው በራሱ መፍሰስ ይጀምራል። 20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 600 ሊትር ስለሆነ፣ 7,500 ሊትሩ 12 ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ይህ ርዝመት ነው ሰውን የሚያዘናጋው። እኔ ራሴ አንድ ምሽት የጎማውን ጫፍ በድንጋይ አስሬ ወለሉ ላይ ከጣልኩት በኋላ ሌሊት እነሳለሁ ብዬ ተኛሁ፤ ስነቃ ጎሕ ቀዷል፤ ውሃው ከምልክቱ አራት ጣት ያህል ወርዶ ነበር፤ የጎረቤቴ የአበባ መደብም ረግረግ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያለውን የጎማ ጫፍ አፉን ወደ ታች አድርጌ ከመሰላሉ ጋር አስረዋለሁ፤ አፉ የሚያርፈው ግን ወለሉ ላይ ሳይሆን ልክ ውሃው እንዲቆም በምፈልግበት ከፍታ ላይ ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር በጎማው አፍ ይገባል፤ ፍሰቱም ያለ ማንም ጠባቂ በራሱ ይቋረጣል። እስሩ እንዳይንሸራተት ሁለት ቦታ ላይ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን ብልኃት ውሃ ውስጥ ከሚሰጥመው ፓምፕ ጋር መጠቀም ግን አይቻልም፤ ፓምፑ አየር ሲያገኝ አይቆምም፤ ይቃጠላል እንጂ።

ለቅዝቃዜው ወራት ሲዘጋ

በዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ስንል የምናወራው ስለ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሳይሆን ስለ በረዶው ወራት ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ስኪመሩና ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ ውሃ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ገንዳው ሲዘጋ ውሃው ከስኪመሩ አፍ በታች ይወርዳል፤ የቱቦዎቹ ውሃም በአየር ተነፍቶ ይወጣል። ውሃ በማያሳልፍ ሽፋን ለሚሸፈን ገንዳ ከስኪመሩ አፍ በታች ከ7 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይበቃል። ሽፋኑ እንደ መረብ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የወራቱ ዝናብና የቀለጠ በረዶ በእሱ አልፎ ገንዳውን ስለሚሞላው፣ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ከዚህ ይበልጥ ዝቅ ማለት አይመከርም፤ ከበድ ያለ በረዶ ሽፋኑ ላይ ሲቆለል ከሥር ደግፎ የሚይዘው ውሃው ነው፤ ውሃው በጣም ከራቀ ሽፋኑ ተለጥጦ መያዣዎቹ ሊነቀሉ ይችላሉ።

ውሃው ምልክቱ ላይ ከቆመ በኋላ

ምልክት ያደረጉበትን ፕላስተር ወዲያው አይንቀሉት። ገንዳው መሥራቱን የሚቀጥል ከሆነ በራሱ የሚሞላውን ቧንቧ ይክፈቱ፤ ማሞቂያውን የሚያበሩት ፓምፑ ያለ አየር አረፋ ሲሠራ ካዩ በኋላ ነው። ውሃው አንድ ሙሉ ቀን ከዞረ በኋላ ክሎሪንና ፒኤች ይለኩ፤ ከመውጣቱ በፊት ክሎሪን አቋርጠው ስለነበር መጀመሪያ የሚጎድለው እሱ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስም ማንም አይዋኝ። የወጣው ውሃ በአዲስ ከተተካ የአልካላይንና የካልሲየም መጠንም አብሮ ይለካል።

በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ በታች ሆኖ ካገኙት፣ በትነት ይሁን በስንጥቅ የወረደ መሆኑን በባልዲ መለየት ይቻላል። በራሱ የሚሞላውን ቧንቧ እንደገና ይዝጉ፤ ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው በገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፤ በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃና ውጪ ያለው የገንዳ ውሃ እኩል እንዲሆኑ አድርገው ሁለቱንም በባልዲው ግድግዳ ላይ ከውስጥም ከውጭም ያስምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከወረዱ ፀሐይና ነፋስ ናቸው የወሰዱት፤ የውጪው ከውስጡ በልጦ ከወረደ ግን መጀመሪያ ወደ ማጣሪያው ሄደው የማልቲፖርቱን የውጪ ቱቦ ይመልከቱ። እዚያ ጠብታ ካለ እጀታው ማረፊያው ውስጥ በደንብ አልገባም፣ ወይም ያ የሸረሪት ድር የሚመስለው ማኅተም መቀየር ይኖርበታል፤ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁን ከገንዳው ግድግዳ ወይም ከቧንቧዎቹ ላይ የሚፈልግ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።